መሪው ወደ ግራ ይጎትታል

በላቸው በራችን ላይ ቆሞ ጆሮውን ወደ ግቢያችን ሲያቀና አየሁት። 

ከጓሮ ልብስ አስጥቼ መመለሴ ነበር። ጋሽ ተክሌ መኪናዋ ሥር ገብተው ተንጋለዋል፤ ከወገባቸው በታች ብቻ ነው የሚታየው። አንድ ጆሯቸው አይሰማም። እሳቸው ካልሰሙ ሌላውም የማይሰማ ስለሚመስላቸው ሁልጊዜ ይጮኻሉ። እና እዚያው እንደተንጋለሉ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ እንዲህ አሉ፦

«ዘነቡ! በሽታዋን አገኘሁት! መሪው ነው! መሪው ወደ ግራ ይጎትታል! በጊዜ ካልቀየርነው ገደል ነው የሚከተን!»

በላቸው የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ነው። ጠመንጃው ከቁመቱ ስለሚበልጥ ሲራመድ ሰደፉ ከመንገዱ ድንጋይ ጋር እየተጋጨ ይንኳኳል፤ ሁላችንም ከሩቅ እናውቀዋለን። ያን ቀን ግን አልተንኳኳም። ጠመንጃውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ነበር የቆመው።

ተንበረከክሁና አንገቴን መኪናዋ ሥር አስገባሁ።

«ጋሽ ተክሌ፣ በማርያም ዝም ይበሉ። በላቸው በር ላይ ነው።»

«ምን ተሰበረ?»

«በላቸው! ሰምቶዎታል!»

«በላቸው ስለ መሪ ምን ያውቃል! ከፈለገ ይምጣና አብረን እናውርደው!»

ዘወር ስል በላቸው የለም። ሰደፉ ወደ ቀበሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ቀስ እያለ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ቢሮጥ ይሻለኝ ነበር። የማይሮጥ ሰው የሚናገረውን አስቦ ነው የሚሄደው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ያ ሁሉ ጥይት ጋብ ብሏል፤ እኔ ግን አልጋብኩም። በዚያን ጊዜ መሪ የሚባለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፎቶው በየዳቦ ቤቱና በየፀጉር ቤቱ ተሰቅሏል። ግራ የሚባለውም በመፈክር ጊዜ እጅ የሚነሳበት ወገን ነው። ሰው እነዚህን ሁለት ቃላት አንድ ላይ ሲያገጣጥም ምን እንደሚሆን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። እኔ ፊደል የለየሁት እንኳ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ይህን ግን ከማንም በፊት አውቄዋለሁ።

ጋሽ ተክሌን አራዳ ውስጥ በአባታቸው ስም የሚያውቃቸው የለም። ተክሌ ብሎን ነው የሚባሉት። መካኒክ ናቸው። ማንኛውንም መኪና ፈተው ሲገጥሙ አንዲት ብሎን ትተርፋቸዋለች። ባለመኪናው ይደነግጣል፤ እሳቸው ብሎኗን በቱታቸው ጫፍ ወልወል ያደርጉና ወደ ደረት ኪሳቸው ይከቷታል።

«አትደንግጥ ወንድሜ» ይላሉ፤ «እግዜር እንኳ አዳምን ገጥሞ ሲጨርስ አንዲት ብሎን ተርፋው ነበር። የት ላድርጋት ብሎ ሲጨንቀው አፉ ውስጥ ጣላት። ምላስ የምትባለው እሷ ናት። እስከ ዛሬ እየላላች የምታስቸግረን ቦታዋ ስላልሆነ ነው።»

ከእኒህ ሰው ጋር መጣላት አይቻልም። ቤታቸው እሪ በከንቱ ነው። የሰፈራቸውን ስም ራሳቸው ይቀልዱበታል። አንድ ባለታክሲ «ሠርተው የሰጡኝ መኪና ቆመብኝ» ብሎ ሲጮኽባቸው፣ «ልጄ፣ ጆሮዬ ደንቆሮ፣ ሰፈሬ እሪ በከንቱ፤ ጉሮሮህን ለምን ትጎዳለህ?» አሉት። ባለታክሲው ሳቀ። ሥቆም አልቀረ፣ ምሳ ጋበዛቸው።

ባለፈው ሰሞን ማረፋቸውን ሰምቼ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ልጃቸው ከአልጋቸው ሥር ያገኘችውን የወተት ዱቄት ጣሳ ድንኳን ውስጥ አምጥታ አሳየችን። አፍ እስከ ገደፉ ብሎን ነው።  አንድ የድሮ ሾፌር እጁን ከቶ አንዷን አወጣና «ይቺማ የእኔ ናት!» ሲል፣ ድንኳኑ በሳቅ ሊወርድ ምንም አልቀረው። እኔም ጎንበስ ብዬ ጣሳውን አየሁ። የእኔዋ እዚያ እንደሌለች አውቃለሁ። የት እንደነበረች ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

መኪናዋ የባለቤቴ ናት። በጃንሆይ ጊዜ ሎተሪ ደረሰችው። የልጄ የአስቴር አባት የመሥሪያ ቤት ማኅተም መቺ ነበር፤ እንኳን መኪና ብስክሌት ነድቶ አያውቅም። ከሎተሪው አዳራሽ ቤታችን ድረስ ሌላ ሰው ነው የነዳለት። ወተት የመሰለች፣ ትንሽዬ የጣሊያን መኪና ናት፤ ሞተሯ ከኋላ ነው። በሳምንቱ ራሱ ሊነዳ ተነሳና ጠበል ትረጭ ብሎ ጊዮርጊስ ወሰዳት። ሲመለስ ከፊቱ ገለባ የተጫነች አህያ መጣች። አህያዋም ቆመች፣ እሱም ቆመ። ተያዩ። በመጨረሻ እሱ ወረደና መኪናዋን እዚያው መንገድ መሃል ትቶ በእግሩ ቤቱ ገባ። መኪናዋን ሰፈርተኛ ነው ገፍቶ ያመጣልን።

ከዚያ ወዲያ መንገድ አላየችም። ግን እሑድ እሑድ ሱፉን ለብሶ ጋራዡ ውስጥ መሪውን ይዞ ይቀመጣል። እኔ ከጎኑ፣ አስቴር ከኋላ። ወሬ እናወራለን፣ ብርቱካን እንልጣለን። ሲበቃው ክላክሱን አንዴ ይነካና «ደረስን» ይላል። እንወርዳለን።

እሱ ታሞ ሲሞት ጋራዡን ቆለፍኩት። አብዮቱ ሲመጣና ትርፍ ቤት ሲወረስ ደግሞ መኪናዋ ላይ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ እንጨት ቆለልኩባት። «አንድ መኪና እኮ ትርፍ አይባልም» ይሉኛል። መንዳት ለማትችል ሴት አንዷም ትርፍ ናት ብዬ ፈራሁ። እንዲህ ሆና ዓመታት ተቀመጠች። አስቴር አደገችና የምታገባው ልጅ ተገኘ። ሠርግ ሲቆረጥ፣ «አባዬ ሙሽራ ስትሆኚ በእሷ ነው የምወስድሽ ብሎኛል። ካለ እሷ አልሄድም» ብላ እግሯን ተከለች። ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት። ጋሽ ተክሌን አስጠራሁ።

እንጨቱንና ፍራሹን አንስተን በሯን ስንከፍት ዶሮዬ ሾፌሩ ወንበር ላይ ታቅፋ ተኝታለች። በየት እንደገባች እስካሁን አላውቅም። ጋሽ ተክሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይቅርታ፤ ሾፌር አላት ለካ!»

ዶሮዋን በክብር አወረዷት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የኪሎሜትር ቆጣሪውን አዩና ጮኹ። «ዘነቡ! ይቺ መኪና የሄደችውን እኔ ለሽንት ስነሳ ሄጄዋለሁ! ይቺ መኪና አይደለችም፤ ወንድ ያልጨበጣት ሲኞሪና ናት!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ሲኞሪና ሆነ። ጠዋት ሲመጡ «ሲኞሪና እንዴት አደረች?» ነው የሚሉኝ። ሞተሩ በመቀመጥ ብዛት ነክሶ አልዞር ብሎ ነበር። ካንዴላዎቹን አውጥተው በየቀዳዳው ነጭ ጋዝ አፈሰሱበትና «ትጠጣና ትተኛ» ብለው ተዉት። የቆየው ቤንዚን እንደ ቫርኒሽ ይሸታል፤ ቋቱን አውርደው አጠቡት። ጎማዎቹ እንደ ቆሎ ተሰነጣጥቀው ነበር፤ ከአንድ ወዳጃቸው አሮጌ ለምነው ቀየሩላት። ሁሉንም ሲሠሩ ያወሯታል። እኔ የምፈራው ፍሬኑን ነው፤ በየቀኑ እጠይቃቸዋለሁ።

«ጋሽ ተክሌ፣ ፍሬኑስ?»

«ፍሬን ሁለተኛ ነገር ነው። መጀመሪያ መሄዷን እንይ። ያልሄደን ነገር ምን ያቆሙታል?»

«ብትሄድስ?»

«አንቺን ፈጣሪ ሲሠራሽ ዘነቡ፣ ክላክሱን ገጥሞ ሞተሩን ረሳው። ገና ሳትንቀሳቀሺ ትጮኺያለሽ።»

ቅዳሜ እናስነሳታለን አሉ፣ ቅዳሜ ተነሳች። አንድ ጊዜ አስነጠሰች፣ ሁለተኛ ጊዜ ጥቁር ጭስና የአይጥ ጎጆ በጭስ ማውጫው ተፋች፣ በሦስተኛው ግቢው ተንቀጠቀጠ። አስቴር አለቀሰች። ዶሮዋ ከዚያ በኋላ ለሳምንት እንቁላል አልጣለችም። ጋሽ ተክሌ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲነዷት ግን ቀጥ ብላ ትሄድና በድንገት ወደ ግራ ታጥፋ የሽንት ቤቱን ግድግዳ ትገጫለች። እንግዲህ ይህንን ሊፈልጉ ነው ሥሯ የገቡት፤ ይህንን አገኘሁ ብለው ነው የጮኹት።

ከሰዓት በኋላ በላቸው መጣ። ሰደፉ ይንኳኳል።

«እትዬ ዘነቡ፣ ከጋሽ ተክሌ ጋር ቀበሌ ትፈለጋላችሁ።»

ሠርጉ በሚመጣው እሑድ ነው። አስቴር በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። እኔ ከታሰርኩ ማን ይድራታል? አባት የላት፣ አጎት የላት። ነጠላዬን እያስተካከልኩ የነገርኳት ነገር ሁሉ ስለ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርቱን እርጥብ ቦታ አታስቀምጪ፣ ሽንኩርቱን ለሰው አትስጪ። 

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ ይባላል። ከአብዮቱ በፊት ፒያሳ ኬክ ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ማኪያቶ ይሠራ ነበር። አሁን ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ ከራሱ በላይ የመሪው ፎቶ አለ።

«ጓድ በላቸው፣ የሰማኸውን ተናገር።»

በላቸው ሰደፉን መሬት መታ። «'መሪው ወደ ግራ ይጎትታል፣ በጊዜ ካልቀየርነው ገደል ይከተናል' ብሏል። ቀጥሎም 'ኑና አብረን እናውርደው' ብሎ እኔን ራሴን ቀስቅሶኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ 'ቅዳሜ እናስነሳለን፤ ከተነሳች ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል' ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ጓድ ደምሴ ወደ ጋሽ ተክሌ ዞረ። «ጓድ ተክሌ፣ ቅረብ። ማንን ነው ያስነሳችሁት?»

«እሷን ነዋ!»

«እሷ ማናት?»

«ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ዘነቡ ቤት ተደብቃ የኖረችዋ!»

እኔ ወንበሩን ያዝኩ።

«ስሟ?»

«ሲኞሪና!»

ጓድ ደምሴ ከመቀመጫው ተነሳ። «ጣሊያን ደብቃችኋል?»

«ጣሊያንስ ጣሊያን ናት፤ ግን እዚሁ ነው የኖረችው። ፀባይዋ ሸጋ ነው። ነጭ ጋዝ አጠጥቼ ነው የነቃችው።»

«መኪና ናት!» ብዬ ጮህኩ። «መኪና ናት ጓድ ሊቀመንበር! መኪና ናት፣ መሪዋም የመኪና መሪ ነው፣ እኔ የምድራት ልጅ አለችኝ!»

ጓድ ደምሴ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱ ቀላ። የሳቀ ሰው መምሰል አልፈለገም፣ የተሞኘ ሰው መምሰልም አልፈለገም።

«ይቺ መኪና ስንቴ ተነድታለች?»

«ሁለቴ» አልኩ።

«ሁለቴ። ታዲያ ሁለቴ የተነዳ መሪ ወደ ግራ መጎተት ማን አስተማረው?»

ጋሽ ተክሌ አሰቡ። «ዕድሜው ነዋ። ሲቀመጥ...»

«ሲቀመጥ ምን?»

«ሲቀመጥ ይበላሻል! ማንኛውም መሪ ረጅም ጊዜ ከተቀመጠ...»

እግራቸውን ረገጥኩት። በላቸው አፉን ከፍቶ ወደ ፎቶው አየ። ጓድ ደምሴም አየ። ከዚያ ባርኔጣውን አነሳ።

«ይህን ነገር በዓይኔ አያለሁ። አሁን እንነዳታለን። እውነት ወደ ግራ ከጎተተ ትሄዳላችሁ። ቀጥ ብሎ ከሄደ ግን፣ መሪው ምንም ሳይሆን ስሙን አጥፍታችኋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ወደዚያ ነው።» በጣቱ ከኋላ ያለውን የቆርቆሮ ክፍል አሳየን።

ቤት ደረስን። በላቸው አስቀድሞ ሮጦ የፊት ክዳኗን ከፈተ፤ ትርፍ ጎማና የአስቴር አባት ያስቀመጠው ብርድ ልብስ ብቻ ነው ያለው።

«ሞተር የላትም! ሞተሩን ደብቀውታል!»

«ኋላ ነው» አሉ ጋሽ ተክሌ። «አንተ ያላየኸው ሁሉ ተደበቀ ማለት ነው እንዴ?»

ጓድ ደምሴ ከፊት ተቀመጠ። እኔና በላቸው ከኋላ ታጨቅን። ጠመንጃው አልገባ ስላለ አፈሙዙን በመስኮት አወጣው። ቋቷ ውስጥ ያለው፣ የጋሽ ተክሌ ባለታክሲ ወዳጅ ከራሽን ኩፖኑ ቀንሶ በጠርሙስ የሰጣቸው ቤንዚን ነው። አስቴር በሩን ከፈተችልን፤ ወጣን።

በሕይወቴ መኪና እንዲበላሽ የተሳልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ጊዮርጊስን ስናልፍ ዓይኔን ጨፍኜ «ወደ ግራ አድርጋት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ግራ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ» አልኩ። ስገልጥ መኪናዋ እንደ ክር ቀጥ ብላለች። ለካ እኔ ሳላይ ጋሽ ተክሌ መሪውን ፈተው ገጥመው ጠግነውታል። ፒያሳ ገባን፤ ቀጥ። ወርቅ ቤቶቹን አለፍን፤ ቀጥ። ማዘጋጃ ቤት ጋ ደረስን፤ ያው ቀጥ።

ጋሽ ተክሌ በደስታ መሪውን ለቀው አጨበጨቡ። «አየህልኝ? አየህልኝ ደምሴ? እጄን ለቅቄ እንኳ ቀጥ! ይሄ ነው ሥራ!»

ወንበራቸውን ከኋላ በጉልበቴ መታሁት። አልገባቸውም።

«እያየሁ ነው» አለ ጓድ ደምሴ። ድምፁ የቆርቆሮውን ክፍል ይመስላል። «በቃ፣ እዚህ ጋ አቁምና እንመለስ።»

ጋሽ ተክሌ ፍሬን ረገጡ። ምንም የለም። ደግመው ረገጡ።

«ይህን ለነገ ነበር ያቀድኩት» አሉ።

ቸርችልን የሚያውቅ ቁልቁለቱን ያውቃል። ሲኞሪና ዕድሜዋን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ስታልመው የኖረችውን መንገድ አገኘች። ሱቆቹ እየሮጡ በግራ በቀኝ ያልፋሉ። ጋሽ ተክሌ ክላክስ ይጫናሉ፣ ሰው ይበተናል፣ የበላቸው አፈሙዝ በመስኮት ወጥቷልና የአውቶቡስ ተሰላፊው እየተኛልን ነው የምናልፈው። መሃል ያለው አደባባይ ጋ ስንደርስ ጋሽ ተክሌ ለመዞር መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዙ። መሪው ዞረ። ከዚያ አልመለስም አለ።

ዞርን። አሁንም ዞርን። ጋሽ ተክሌ ወደ ቀኝ ይስባሉ፣ መሪው ከግራው ንቅንቅ አይልም።

«ጎተተ!» አልኩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኸው ጎተተ! እልልል!»

«ጓድ ተክሌ፣ አቁም!»

«ምን ተሰበረ?»

«አቁም! አቁም አልኩ!» ዞርን። «ጋሽ ተክሌ! ጋሽ ተክሌ፣ በእናትዎ ያቁሙ!» ዞርን። «ጊዮርጊስዬ ድረስ!»

ሃይማኖት የለኝም እያለ ሲሰብከን የኖረ ሰው ነው። ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ ለሕዝቡ መጮኽ ጀመረ። «ሕዝቡ! መሪው እምቢ አለ! ወደ ግራ! ወደ ግራ ብቻ! ኧረ ሕዝቡ!»

ሕዝቡ ጠመንጃ አየ፣ የቀበሌ ሊቀመንበር አየ፣ መሪ ሲባል ሰማ፣ ግራ ሲባል ሰማ። ከዚያ በላይ ማሰብ የለመደ አልነበረም። አውቶቡስ ተሰላፊው፣ ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ መሬት የተኙት ሳይቀሩ ተነሥተው ግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አነሱና በአንድ ድምፅ «ወደፊት!» አሉ።

ይህችን ጋሽ ተክሌ ሰሟት።

«ወደፊት ይላሉ እኮ!» ብለው ቤንዚኑን ረገጡት።

ስንት ጊዜ እንደዞርን እግዜር ይወቀው። በዞርን ቁጥር መፈክሩ እየደመቀ ነው የሚጠብቀን። በላቸው ጭንቅላቱን እኔ ጉያ ውስጥ ወሽቆ «እትዬ ዘነቡ፣ እናቴን ጥሩልኝ» ይላል። አቀፍኩት፤ ምን ላድርግ። ያን ጊዜ ገና ልጅ እንደሆነ አየሁ።

ቤንዚኑ አልቆ ነው የቆምነው። ሲኞሪና አንዴ አስነጠሰች፣ ቀስ እያለች ሄዳ የአደባባዩን ጠርዝ ነካችና ዝም አለች። ጓድ ደምሴ በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ቀጥ ብሎ ሊሄድ ሲል እሱም ወደ ግራ ይታጠፋል። የመብራት እንጨት ይዞ ቆመ። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ፣ ከልቡ እንዲህ አለ፦

«ይሄ መሪ ሳይገድለን ዛሬውኑ መቀየር አለበት!»



የተነሡት እጆች አየር ላይ ቀሩ። ማንም ሊያወርድ አልደፈረም፣ ማንም ወደፊት ሊልም አልደፈረም። ጓድ ደምሴ የተናገረውን መልሶ ሲሰማው አየሁት፤ ከንፈሩ ነጭ ሆነ። ጠዋት የእኔ የነበረው ፊት ነው፤ አውቀዋለሁ። ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ ዘነቡ» አለ በሹክሹክታ፤ «እኔ እኮ...»

ብተወው እችል ነበር። ግን የፈራ ሰው ሳይ አንጀቴ አይችልም። ከመኪናዋ ወጣሁና የሌለኝን ድምፅ አወጣሁ። «ጓድ ሊቀመንበር ስለ መኪና ነው የተናገሩት!»

«አዎ! ስለ መኪና ነው!» አለ። «ስለ መኪና ነው!»

ሕዝቡ ተነፈሰ፤ እጁን አንዴ ወደ ላይ ወዘወዘና በአንድ ድምፅ መለሰ። «ስለ መኪና ነው!»

የፊት ጎማዎቿን በእርግጫ አቃንተን ሲኞሪናን ሽቅብ ገፋናት። ጓድ ደምሴም ባርኔጣውን ጣራዋ ላይ አኑሮ ገፋ፤ በላቸውም ጠመንጃውን ኋላ ወንበር ላይ አስተኝቶ ገፋ። ጋሽ ተክሌ በመስኮት በኩል መሪውን ይዘው ከጎኔ ይራመዳሉ። ፒያሳ ልንደርስ ስንል ላባቸውን ሊጠርጉ መሐረብ ፍለጋ እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ከተቱና ቆሙ። የወጣችውን ነገር መዳፋቸው ላይ አየኋት። ወፈር ያለች ብሎን ናት።

ጋሽ ተክሌ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንሾካሾኩ። «ዘነቡ... ይቺ እኮ የመሪው ናት።»

አሻጥር የሚባል ቃል ነበር በዚያን ጊዜ። ጓድ ደምሴ ከኋላችን ያለከልካል፤ ቀና ቢል ያያታል።

«አፍዎ ውስጥ!» አልኳቸው።

«እ?»

መዳፋቸውን ይዤ ራሴ ከተትኳት። እግዜር የአዳምን ብሎን የጣለበት ቦታ ላይ ማለት ነው። ከዚያ እስከ ቤታችን፣ ጋሽ ተክሌ ጉንጫቸው አብጦ፣ ዓይናቸው ፈጦ፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ሄዱ። ጓድ ደምሴ ሁለት ጊዜ «ምነው ዝም አሉ ጋሽ ተክሌ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ደንግጠው ነው» አልኩት።

በራችን ላይ ጓድ ደምሴ ባርኔጣውን አነሳ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቀበሌ የመኪና መሪ መሪ አይባልም። ማዞሪያ ነው የሚባለው» አለ። ጋሽ ተክሌ በአፍንጫቸው ሳቁ። ማዞሪያው ከመሪው የባሰ እንደሆነ የገባቸው ይመስለኛል፤ ብሎኗ ባትኖር ይናገሩትም ነበር።

ብሎኗን በማግሥቱ ቦታዋ ላይ አሠሯት። አስቴር በእሑዱ በሲኞሪና ነው ጊዮርጊስ የሄደችው፣ ፍሬኗም ተሠርቶ፣ እንደ ክር ቀጥ ብላ። እንግዲህ ከጋሽ ተክሌ ጣሳ የጎደለችው አንዷ ብሎን ያቺ ናት።

ያን ቀን ግን፣ ሰደፉ እየተንኳኳ ሲርቅ፣ ጋሽ ተክሌ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ተደግፈው አፋቸውን ሲታጠቡ፣ አስቴር ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። በሩን ቆለፍኩት። ሽንኩርቱን ደረቅ ቦታ አስቀምጣዋለች። ከዚያ ጋራዡ ውስጥ የአስቴር አባት ቦታ ላይ ተቀመጥኩና ክላክሱን አንዴ ነካሁት።

«ደረስን» አልኩ። «ተርፌያለሁ። ቤቴ ገብቻለሁ።»